የጭራቅ መጽሐፍ ለመግዛት ላሰበ ሰው፦ የ7,500 ብሩ ወይስ የ600 ብሩ?

በባሕር ዳር የጠረጴዛ ሚና ጨዋታ (ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ የአንድ ጀግና ሚና ይዞ በዳይስ የሚጫወቱት) የሚጫወተው ሰው ገና ጥቂት ቢሆንም፣ አዲስ ቡድን በተሰባሰበ ቁጥር አጫዋች (ታሪኩን የሚመራውና ጭራቆቹን የሚያንቀሳቅሰው) የሚሆነው ልጅ መጥቶ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «የጭራቅ መጽሐፍ የቱን ልግዛ?» የጭራቅ መጽሐፍ ማለት ጀግኖቹ የሚገጥሟቸውን ፍጡራን ከነቁጥሮቻቸው የያዘ ነው። መልሴን ሳላስጠብቅ ልናገር፦ ለጊዜው ምንም አትግዙ፤ የጨዋታው አሳታሚ በነጻ የለቀቀውን ሰነድ ፕሪንት አስደርጋችሁ አስጠርዙ። ምክንያቱን ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ማስረዳት ስለሰለቸኝ እዚህ በጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዋጋው እንጀምር። የታወቀው የዚህ ዓይነት ጨዋታ የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ባጭሩ ዲ ኤንድ ዲ) ዋና የጭራቅ መጽሐፍ የሆነው ሞንስተር ማንዋል በ2014 ሲወጣ የተቆረጠለት ዋጋ 49.95 ዶላር ነበር፤ በ2025 የወጣው አዲሱ እትም ደግሞ 49.99 ዶላር ነው። በዶላር ሲታይ ከአሥር ዓመት በላይ ዋጋው አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል። በእኛ ኪስ ሲታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላሩ በባንክ ከ60 ብር በታች ስለነበር መጽሐፉ ቢያንስ በወረቀት ላይ ከ3,000 ብር አይበልጥም ነበር፤ አሁን ለሒሳብ እንዲመቸን ዶላሩን በ150 ብር ብንይዘው ያው መጽሐፍ 7,500 ብር ይሆናል። ይህም ማጓጓዣው ሳይታሰብ ነው። መጽሐፉ ከአንድ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ቦታ እንዲሰጠው መለመን፣ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም ወደ ባሕር ዳር የሚያመጣው ሰው መፈለግ ግድ ነው። በኢንተርኔት ልግዛ የሚልም መጀመሪያ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልለት ሰው ማግኘት አለበት።

ዋጋው በዚህ መጠን ሲወደድ አስመስለው የሚያባዙ ሰዎች ገበያ ያገኛሉ። ከእኛ ቡድን አንዱ «ኦሪጅናል ነው» የተባለ የ2014 እትም በ3,500 ብር ገዝቶ ነበር። ሽፋኑ ከሩቅ ሲታይ እንከን አልነበረውም። ውስጡ ግን ከዋናው መጽሐፍ በስካን የተነሣ በመሆኑ፣ ብራና የሚመስለው የገጹ ቀለም ጠቁሮ ቁጥሮቹን ውጧቸዋል። የጎልማሳው ቀይ ድራጎን የሕይወት ነጥብ 256 መሆኑን የማያውቅ አጫዋች ከዚያ ገጽ ላይ 266 ወይም 258 ብሎ ቢያነብ አይፈረድበትም። የባሰው ጥረዛው ነው። ገጾቹ በስፌት ሳይያዙ በሙጫ ብቻ የተለጠፉ ስለነበሩ፣ የሐይቁ እርጥበት በክረምት ሲበረታ ሙጫው ለቀቀና ጎብሊን የሚባሉት ትንንሽ ጭራቆች ከነገጻቸው መውደቅ ጀመሩ። አንድ ጠራዥ በወስፌ በስቶ፣ በሰም በተቀባ ክር ሰፍቶ በ400 ብር ጠገነው፤ ሆኖም ስፌቱ ከዳር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስላለፈ በስተውስጥ ያለው ዓምድ የፊደሎቹ ጫፍ ታጥፎ ቀረ፤ አሁን ያንን ለማንበብ መጽሐፉን በሁለት እጅ ጨምቆ መክፈት ያስፈልጋል። 3,900 ብር የወጣበት መጽሐፍ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ለመግዛት የቆረጠ ሰው ብር ከመቁጠሩ በፊት የመጽሐፉን ጀርባ ከላይ በኩል አጎንብሶ ይመልከት፤ ገጾቹ በትንንሽ ጥራዝ ተጣጥፈው ካልተሰፉ ይተወው።

አሁን ወደ ምርጫዬ ልመለስ። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የጨዋታውን መሠረታዊ ሕጎች የያዘውን ሰነድ፣ በተጫዋቾች ዘንድ ኤስ አር ዲ የሚባለውን፣ በ2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቅቆታል፤ በአዲሱ የጨዋታ ሕግ የተዘጋጀው ኤስ አር ዲ 5.2 ደግሞ በሚያዝያ 2025 በዚያው ፈቃድ ወጥቷል። ፈቃዱ ምንጩን እስከጠቀሱ ድረስ መቅዳትን፣ ማተምን፣ ወደ አማርኛ መተርጎምን፣ መሸጥንም ጭምር ይፈቅዳል። ኤስ አር ዲ 5.2 ከ300 በላይ ፍጡራን ይዟል፤ እነሱ የሰፈሩበት ክፍል ከመቶ ጥቂት ገጾች ብቻ የሚበልጥ በመሆኑ አንድ ገጽ በ4 ብር ፕሪንት ቢደረግና የስፓይራል ጥረዛ 100 ብር ቢጨመርበት ሁሉ ነገር ከ600 ብር በታች ያልቃል። ቡና ቢደፋበት የተበላሸውን ገጽ በ4 ብር ይተኩታል። ስፓይራሉ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ስለሚቀመጥ አጫዋቹ በአንድ እጁ ዳይስ እየወረወረ ማንበብ ይችላል፤ ወፍራሙ መጽሐፍ ይህን አያደርግም።

ለእኛ ለጣና ሰዎች አንድ የተለየ ጥቅምም አለው። የ2014 ሞንስተር ማንዋል ውስጥ አዞ አለ፣ ግዙፍ አዞም አለ፣ ጉማሬ ግን የለም። በኤስ አር ዲ 5.2 የእንስሳት ክፍል ውስጥ ጉማሬ አለ፤ የአስቸጋሪነት ደረጃው (ጭራቁ ለጀግኖቹ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) 4 ነው። በታንኳ ወደ አንዱ ደሴት ገዳም የሚቀዝፉ ጀማሪ ጀግኖች ከሥራቸው ውኃው ሲንቀሳቀስ ቢያዩ፣ የባሕር ዳር ተጫዋች ሥዕልም ገለጻም አያስፈልገውም፤ ደረጃው 4 መሆኑንም ሳይነገረው ወደ ዳር መቅዘፍ ይጀምራል።

ጉድለቱንም አልደብቅም። ሰነዱ ሥዕል የለውም፤ የፍጡራኑ ታሪክም የለውም ማለት ይቻላል። አሳታሚው ለራሱ ያስቀራቸው ስመ ጥር ጭራቆች፣ ባለ ብዙ ዓይኑ ቢሆልደርና አንጎል በሊታው ማይንድ ፍሌየር፣ በነጻው ሰነድ ውስጥ አይገኙም። እነዚህን አጥብቆ የሚፈልግ ቡድን አባላቱ ተዋጥተው አንድ መጽሐፍ በጋራ ይግዙ፤ አምስት ሰው ቢሆኑ ለአንድ ሰው 1,500 ብር ይደርሳል። ለዚያ የ2025ቱን እመርጣለሁ፤ ከ500 በላይ ጭራቆች አሉት፣ በአስቸጋሪነት ደረጃ የተዘረዘሩበት ሠንጠረዥም አለው። በ2014ቱ ውስጥ ይህ ሠንጠረዥ ባለመኖሩ ለደረጃ ሦስት ቡድን የሚሆን ጭራቅ መፈለግ መጽሐፉን በሙሉ ማገላበጥ ነበር። የቆየው እትም የሚበልጠው በትረካው ነው፤ የድራጎኖችንና የግዙፋንን ኑሮ በሰፊው ስለሚተርክ ስፌቱ ያልላላ ዋና ቅጂ ከ3,000 ብር በታች የሚሸጥ ሰው ከተገኘ እኔም ብሆን አልምርለትም። አዲሱ እትም ኦርክ የተባሉትን ጭራቆች ለብቻቸው ባለማስፈሩ ቅር የሚለው ሰው ካለ፣ በ2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የተለቀቀው ኤስ አር ዲ 5.1 ውስጥ ስላሉ የእነሱን ገጽ ብቻ ፕሪንት አስደርጎ ይጨምርበት።

ኮቦልድ ፕሬስ የተባለ ሌላ አሳታሚ በ2016 ያወጣው ቶም ኦቭ ቢስትስ ከ400 በላይ ጭራቆችን የያዘ ግሩም መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ከሞንስተር ማንዋል አያንስም፣ ተራ ጎብሊንና አፅምም ስለማይሰጥ ሁለተኛ እንጂ የመጀመሪያ መጽሐፍ ሊሆን አይችልም። ፓዝፋይንደር ለተባለው ሌላ የሚና ጨዋታ የወጣው የጭራቅ መጽሐፍ፣ ሞንስተር ኮር፣ የተሠራው ለሌላ ሕግ ነው፤ ያ ጨዋታ የፍጡሩን ደረጃ በጥቃቱና በመከላከያው ቁጥር ላይ ስለሚደምር ጭራቁን እንዳለ አንስቶ ወደ ዲ ኤንድ ዲ ማምጣት አይቻልም። ፓዝፋይንደር የሚጫወት ሰውም ቢሆን ሕጎቹና ጭራቆቹ በአርካይቭስ ኦቭ ኔቲስ ድረ ገጽ በነጻ ስለሚገኙ ለመጽሐፉ የሚያስቸኩለው ነገር የለም።

ፕሪንት ቤት ስትሄዱ አስቀድማችሁ አንድ የጭራቅ ሠንጠረዥ ያለበትን ገጽ ብቻ አስወጡና እዩት። ተሞልቶ ተሞልቶ ያረጀ ቶነር ትንንሾቹን ቁጥሮች ያደበዝዛቸዋል፤ 3 እና 8 ካልተለዩ ሌላ ቤት ሂዱ። ኢንክጄት ከሆነ ላብ ባለው ጣት ሲነካ ስለሚፈስ በሌዘር መሆኑን ጠይቁ። ገጾቹ ነጭ ስለሆኑና ሥዕል ስለሌላቸው በከለር አስወጡ የሚላችሁን አትስሙት፤ ወረቀቱ 80 ግራም ይሁን፣ በሁለቱም ገጽ ይውጣ፣ ፊትና ኋላውም በላስቲክ ሽፋን ይያዝ። የፈቃዱ መግለጫ ያለበትን የመጀመሪያ ገጽ አብራችሁ ማስወጣት አትርሱ፤ ቅጂውን ለሌላ ቡድን ስትሰጡ ምንጩን መጥቀስ ግዴታ ነው፣ የሚጠይቃችሁም ሌላ 4 ብር ብቻ ነው።