«ከ6 በታች አልሸጥም» ያለኝ የአሳ ሱቅ

ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለች። በሯ ላይ ስም የለም። መስታወቱ ላይ ቀይ አሳ ተስሏል፣ በቃ። ሰፈር ገብታችሁ «አሳ ቤት የት ነው?» ካላችሁ ጥብስና ጉላሽ ወደሚሸጥበት ነው የሚመሯችሁ። «የጌጥ አሳ» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ከዚያ 8 አሳ ከገዛሁ 3 ወር አለፈኝ። ስለ ሱቁ ለመናገር በቂ ጊዜ ነው።

የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አሳዎቹን የገዛሁት ለክፍሌ ነው።

ከዚህ በፊት የሆነውን ላስቀድም። አምና ሌላ ሰፈር ካለ ሱቅ አንድ ዜብራ ዳኒዮ ገዝቼ ነበር። ከሦስት፣ አራት ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ከራሱ እስከ ጭራው ሰማያዊ መስመር ያለው አሳ ነው። የትውልድ አገሩ ሕንድ፣ ኔፓልና ባንግላዴሽ አካባቢ ነው። «አንድ ይበቃሻል፣ ጠንካራ ነው» ብለው ሸጡልኝ። ጠንካራነቱ እውነት ነው፤ ከብዙ የጌጥ አሳ ይልቅ የአዲስ አበባን ብርድ ይችላል። ግን ቀኑን ሙሉ ከድንጋዩ ሥር አይወጣም። ምግብ ስጥልለት እንኳ እጄ እስኪርቅ ይጠብቃል። ልጆቹ ሁለት ቀን አዩት። በሦስተኛው ቀን ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። በ11ኛው ቀን ሞተ። ውሃው ነው ብዬ አሰብኩ፤ ውሃውም ሊሆን ይችላል። ግን ያ አሳ ለ11 ቀን ብቻውን ዘብ ቆሞ ነበር። ደህና ነው፣ ውጣ የሚለው ጓደኛ አልነበረውም።

አዲሱ ሱቅ ስገባ ሻጩ ልጅ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ አኳሪየሙ ነው። «ስንት ሊትር ይይዛል?» 60 አልኩት። ለክፍል እንደሆነም ነገርኩት። «ሁለት ዳኒዮ ስጠኝ።»

«ቲቸር፣ ከ6 በታች አልሸጥም» አለኝ።

ለመሸጥ ያለው መስሎኝ ፊቴ ተቀየረ። እሱም ገባው። «ኧረ ይምጡ፣ አንዴ ይዩልኝ» ብሎ ወደ ትልቁ አኳሪየም ወሰደኝ። ሃያ የሚሆኑ ዳኒዮዎች ተበታትነው ይዋኛሉ። ልጁ ጎንበስ ብሎ እጁን በአንዱ ጥግ ብቅ አደረገ። እጁን ሊያዩ የሚችሉት ሦስት ወይም አራቱ ብቻ ናቸው። እነሱ ታጠፉ። ከዚያ አጠገባቸው ያሉት ታጠፉ። ከዚያ ሌሎቹ። እጁን ፈጽሞ ያላየው፣ ከማዶ የነበረው የመጨረሻው አሳ ሳይቀር ዞረ። ነፋስ ጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ የሚሄደው ሞገድ በሉት። ዓይኔን ጨፍኜ ብገልጥ ኖሮ ያመልጠኝ ነበር።

8 ገዛሁ።

አያያዙንም ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ሱቅ እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። ልጁ በመረብ እያሳደደ አያወጣም። ግልጽ የፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ውስጥ ያጋድማል፣ ቀስ ብሎ ወደ ጥግ ያስጠጋቸዋል፣ ከነውሃው ያነሳቸዋል። «አንዱ ከቆሰለ ሁሉም ይረበሻሉ» ይላል። ትክክል ነው። ካርል ፎን ፍሪሽ የሚባለው የኦስትሪያ ሳይንቲስት፣ የንቦችን ጭፈራ ትርጉም ፈትቶ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ማለት ነው፣ በ1938 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ነገር ጽፏል። አንድ ትንሽ አሳ ሲቆስል ከቆዳው የሚወጣው ነገር ውሃው ውስጥ ይሰራጫል። ሌሎቹ ሲያሸቱት ይሸሻሉ። ዳኒዮም እንዲሁ ነው። እንግዲህ በመረብ አሳዶ አንዱን የሚያቆስል ሻጭ ቀሪዎቹን ሁሉ አስደንግጦ ነው ላስቲክ ውስጥ የሚከትላችሁ። የኔዎቹ ቤት ደርሰው በሰዓቱ ምግብ በሉ።

ክፍል ውስጥ የሠራነው ይኸው። መጀመሪያ ልጆቹ ጠረጴዛውን መታ አደረጉ። ስምንቱም እኩል ዘለሉ። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ይሄማ አይቆጠርም፣ ንዝረቱ ለሁሉም እኩል ነው የደረሳቸው» አለች። በጣም ደስ አለኝ። ስለዚህ ጥቁር ካርቶን በአንድ ጎን ብቻ ብቅ እያደረግን በስልክ ስሎው ሞሽን ቀረጽን። ቪዲዮው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለካርቶኑ ቅርብ የነበረው አሳ ሰውነቱን እንደ እንግሊዝኛው «C» አጎበጠ፣ ከዚያ ተወረወረ። ከሱ ቀጥሎ ሁለት፣ ከነሱ ቀጥሎ የቀሩት። ልጆቹ ቪዲዮውን እያቆሙ ማን ማንን እንዳየ በቀስት ሣሉ። ሳያውቁት ተመራማሪዎች የሠሩትን ነው የደገሙት። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ጎልደን ሻይነር በሚባሉ አሳዎች ላይ እያንዳንዱ አሳ የሚያየውን በኮምፒውተር አስልተው፣ ድንጋጤው ከማን ወደ ማን እንደሚያልፍ ተከታትለዋል። ዋናው ነገር ማን ለማን ጎልቶ ይታያል የሚለው ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የማይከተሉበት ጊዜ ነው። አንዳንዴ አንዱ አሳ ያለምክንያት ይደነግጣል። ሌሎቹ ዝም ይላሉ። በመጀመሪያ አላዩትም ብለን ነበር፤ ቪዲዮው ላይ ግን አፍንጫቸው ሥር ነው የዘለለው። እዚህ ላይ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ለልጆቹ ነገርኳቸው። ስቲክልባክ የሚባሉ ትንንሽ አሳዎች ፊት አርቲፊሻል አሳ አደጋ ወዳለበት አቅጣጫ እንዲሄድ አደረጉ። ያ አንድ አርቲፊሻል አሳ መንጋውን አስከትሎ ለመሄድ አልበቃም። ሁለት ወይም ሦስት ሲሆኑ ግን መንጋው ተከተለ። መንጋ ማለት ወሬ የሰማ ሁሉ የሚሮጥበት አይደለም ማለት ነው። አንዱ ሊሳሳት ይችላል፤ ሁለት ሦስቱ ባንዴ የመሳሳታቸው ዕድል ያንሳል። ሁለት ብቻ ብገዛ ይህን በምን አየው ነበር?

ከልጆቹ አንዱ «አለቃቸው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ኬንያ፣ ምፓላ ውስጥ ዝንጀሮዎች አንገት ላይ ጂፒኤስ አስረው የተከታተሉ ሰዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ያገኙትን ነገርኩት። መንጋው የሚሄደው አውራው ወንድ ስለመራ ሳይሆን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ የጀመሩት ሲበዙ ነው። የኔ ስምንቱም ላይ አለቃ አላየሁም። ካርቶኑ በየት በኩል እንደመጣ ነው መሪውን የሚወስነው።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ፈተና እያረምኩ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። በስልኬ ባትሪ አኳሪየሙን ሳበራ ዳኒዮዎቹ ተለያይተው አገኘኋቸው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከፊልተሩ ጎን፣ ሁለቱ ከታች። ጨለማ ሲሆን መተያየት ቀረ፣ መንጋውም ፈረሰ። በጎናቸው የውሃን እንቅስቃሴ የሚሰሙበት ላተራል ላይን የሚባል መስመር አላቸው። በ1976 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሴይዝ የተባሉ የባሕር አሳዎችን ዓይን ለጊዜው ሸፍነው፣ በሚያዩ ጓደኞቻቸው መሀል በዚያ መስመር ብቻ አብረው መዋኘት እንደሚችሉ አሳይተዋል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ እዚያ ጓደኞቻቸው ያያሉ፣ እዚህ ግን ማንም አያይም። መብራቱ ሲመለስ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ጥቂት ደቂቃ ወሰደባቸው እንጂ ተሰባሰቡ።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ቅሬታም አለኝ። ደረሰኙ በእጅ የተጻፈ ስለሆነ የትምህርት ቤታችን ሂሳብ ክፍል አልተቀበለኝም፤ ከኪሴ ነው የከፈልኩት። ዋጋውም ከሌላው ትንሽ ወደድ ይላል። ምሳ ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ በሩ ላይ ግን አልተጻፈም፤ አንዴ በፀሐይ አንድ ሰዓት ቆሜያለሁ። የሚሸጠውን ፊልተርም አልወደድኩትም። ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ ልጆች ፈተና ሲፈተኑ አጠፋዋለሁ።

ምክሩ ግን ከገንዘቡ በላይ ነው። የቧንቧ ውሃ አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ አሳድሬ ክሎሪኑ እንዲወጣ የነገረኝ እሱ ነው። ላስቲኩን ሳልከፍት አኳሪየሙ ላይ እንዳንሳፍፍ፣ ሙቀቱ እስኪመጣጠን እንድጠብቅ ያሳየኝም እሱ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውሎ «ስምንቱም አሉ?» ብሎ ጠይቆኛል። አሉ።

ለልጃችሁ፣ ለክፍላችሁ ወይም ለቢሮ አሳ ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከአራት ሰዓት በፊት ሂዱ፤ ያን ጊዜ ልጁ ሥራ ስለማይበዛበት ያስረዳችኋል። ክዳን ያለው ባልዲ ያዙ። አንድ አሳ ብቻ ስጠኝ አትበሉት፤ የትኞቹ አሳዎች ብቻቸውን መኖር እንደሚችሉ ራሱ ይነግራችኋል። እኔ በሚቀጥለው ቅዳሜ አራት ልጨምር ነው። ያቺ «ይሄማ አይቆጠርም» ያለችው ተማሪ አብራኝ ልትሄድ ተመዝግባለች።