ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ላቦራቶሪና የሙሉ ደም ምርመራው

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የግል ላቦራቶሪ የሚሰጠውን የሙሉ ደም ምርመራ፣ ቤተሰቦቼን ይዤ እየሄድኩ ስላየሁት፣ ጥንካሬውንም ጉድለቱንም ልጽፍ ወድጃለሁ። ዋጋው በአካባቢው ካሉት ከአንዳንዶቹ ላቅ ይላል፤ ይሁን እንጂ በሽታን የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሴሎች በየዓይነታቸው ለይቶ ስለሚቆጥር ልዩነቱ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

በብዙ ቦታ የሚሠራባቸው ማሽኖች ነጭ ሴሎችን በመጠናቸው ሦስት ቦታ ብቻ ስለሚከፍሉ፣ ለእኛ አገር ሕመምተኛ ትልቅ ትርጉም ያለው ኢዮሲኖፊል የተባለው ነጭ ሴል ከሌሎች ጋር ተደባልቆ ይቀራል። የዚህ ላቦራቶሪ ማሽን ግን ኒውትሮፊልን፣ ሊምፎሳይትን፣ ሞኖሳይትን፣ ኢዮሲኖፊልንና ባዞፊልን ለየብቻ ያወጣል፤ ቁጥሩ አጠራጣሪ ሲሆንም ባለሙያዋ ደሙን ስላይድ ላይ ቀብታ፣ ቀለም ነክራ በማይክሮስኮፕ ታረጋግጣለች።

ከደምቢያ የመጣችው አክስቴ ድካምና የሆድ ቁርጠት አስቸግሯት ስትመረመር ኢዮሲኖፊሏ ከመቶ 14 ሆኖ ተገኘ፤ በጤነኛ ሰው ከመቶ 5 እምብዛም አያልፍም። ባለሙያዋ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና «እማማ፣ ይህ ሴል የሚበዛው ብዙ ጊዜ በአለርጂ ወይም በትላትል ነው፤ ሐኪምዎ የሰገራ ምርመራም ቢያዙልዎ ጥሩ ነው» አለቻት። ሰገራው ሲታይ የመንጠቆ ትል እንቁላል ተገኘበት። ትል ከሴሉ እጅግ ስለሚገዝፍ ኢዮሲኖፊል ሊውጠው አይችልም፤ ላዩ ላይ ተለጥፎ መርዛማ ፕሮቲኖችን ይለቅበታል እንጂ። መዋጥ በዋናነት የኒውትሮፊል ሥራ ነው፤ ባክቴሪያ በገባበት ቦታ ቀድሞ ይደርሳል፣ ውጦም ይሞታል፤ ከቁስል የሚወጣው መግል በአብዛኛው የሞቱ ኒውትሮፊሎች ክምችት ነው።

ሞኖሳይት በበኩሉ ከደም ሥር ወጥቶ ማክሮፋጅ ወደተባለው ትልቅ ዋጭ ሴል ይለወጣል። ወደ መተማና ሁመራ ለሥራ የሚወርዱትን ወጣቶቻችንን የሚያሠቃየው፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው የካላ አዛር በሽታ ክፋቱ፣ ተህዋሱ ሊያጠፋው በሚገባው በዚሁ ማክሮፋጅ ውስጥ መኖሩና መራባቱ ነው፤ ጣፊያ ያብጣል፣ ቀዩም ነጩም የደም ሴል ይመናመናል። ትኩሳት አልለቅ ያለውና በቅርቡ ከቆላ የተመለሰ አንድ ወጣት ነጭ ሴሉ በጣም ወርዶ ሲገኝ፣ ውጤቱን በእጁ ሰጥተው ከማሰናበት ይልቅ ሳይውል ሳያድር ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል እንዲሄድ ሲያስረዱት ሰምቻለሁ። እኔን ያስደሰተኝ ከማሽኑ ይልቅ ይህ ነው።

ቅሬታዬ በውጤት ወረቀቱ ይጀምራል። «መደበኛ» ተብሎ የታተመው የቁጥር ወሰን ከማሽኑ ጋር የመጣ ነው። ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ በብዙ አፍሪካውያን ዘንድ የኒውትሮፊል ቁጥር ያለ አንዳች ሕመም ከአውሮፓውያን ዝቅ ሊል እንደሚችል በጥናት የታወቀ ሲሆን፣ ወረቀቱ ግን ይህን ሳያገናዝብ «ዝቅተኛ» የሚል ምልክት ያደርጋል። ፍጹም ጤነኛ የሆነው ወንድሜ ይህን ምልክት አይቶ ሐኪም እስኪያረጋጋው ድረስ እንቅልፍ አጥቷል። ከወረቀቱ ግርጌ ሁለት መስመር ማብራሪያ ቢጨመር ብዙ ሰው ከጭንቀት ይድን ነበር።

ከዚህ የባሰው መግቢያው ላይ የተለጠፈው «የበሽታ መከላከል አቅምዎን ይለኩ» የሚለው ማስታወቂያ ነው። የሙሉ ደም ምርመራ ይህን አይለካም። ሊምፎሳይት ተብሎ በአንድ ቁጥር የሚጻፈው ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ቢ ሴሎች፣ በቫይረስ የተያዙ ሴሎችን የሚገድሉትና ሌሎቹን የሚያስተባብሩት ቲ ሴሎች አብረው ይቆጠራሉ። ከእነዚህ አስተባባሪዎች ውስጥ ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው ሲዲ4 የተባለው ቲ ሴል ራሱን የቻለ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል፤ ከክትባት በኋላ ለዓመታት የሚቆዩት የትውስታ ሴሎችም በዚህ ቆጠራ ተለይተው አይታዩም። ሰው ቁጥሩ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ክትባቱን ወይም የኤች አይ ቪ ምርመራውን እንዳይተው እሰጋለሁ፤ ማስታወቂያውን እንዲያነሱት ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን እስከጻፍኩበት ጊዜ ግን አልተነሳም።

መሄድ ለሚፈልግ፣ የሐኪም ማዘዣ ይዞ ጠዋት ቢደርስ ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ መብራት ሲጠፋ ውጤቱ ወደ ማግስቱ ሊተላለፍ ይችላል።