የአባቴን ሳንሱይ ላዳኑልኝ የደብረ ማርቆስ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ላላችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ የድሮ አምፕሊፋየር ጨርቅ ለብሶ ለተቀመጠባችሁ ነው። የባለሙያውን ስም አልጽፍም፤ አልፈቀዱም። «ሰው ከበዛብኝ ሥራዬ ይበላሻል» አሉኝ። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እጠቁመዋለሁ።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሳንሱይ የምትባለዋን የጃፓን አምፕሊፋየር በ1966 ዓ.ም. አስመራ ገዝቶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ አመጣት። በዓል በመጣ ቁጥር ሸክላ የምንሰማው በእሷ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን እምምም ማለት ጀመረች። ድምፅ ቀነስኩ፣ ጨመርኩ፣ ያው ነው። የንብ ቀፎ ላይ ጆሮ እንደመለጠፍ።

መጀመሪያ ሌላ ከተማ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኳት። «ካፓሲተሮቿ አልቀዋል፣ ሁሉንም እንቀይር» አሉኝ፤ ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚለቁትን ዕቃዎች ማለታቸው ነው፤ ቀየሩ። ሦስት ሳምንት ሠራች። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጧ አለች። ቤቱን የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታ ሞላው።

ከዚያ ነው የደብረ ማርቆሱን ባለሙያ፣ አያ የምላቸውን፣ ያገኘኋቸው። ክዳኗን ከፍተው ገና ሲያዩ ሳቁ። «አንች ልጅ፣ ይችን ማነው 35 ያስገባላት?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራንስፎርመሩ 30 ቮልት ይሰጣል። ያ ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉት ዳዮዶች አልፎ ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች ላይ ሲጠራቀም 42 ይሆናል። ፋብሪካው ያስገባቸው ካፓሲተሮች 50 ቮልት የሚችሉ ነበሩ። ያ የመጀመሪያው ጥገና ቤት ሰውዬ 35 ብቻ የሚችሉ አደረገባቸው። 42ቱም ቢሆን መስመሩ ልክ 220 ሲሆን ነው። ሌሊት ጭነት ቀንሶ 240 ሲገባ ወደ 46 ይጠጋል። አያ ለዚህ 63 መረጡ። ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው ቮልት ከፍ ቢል አይጎዳም፤ ዝቅ ሲል ነው ጣጣው።

እኔ ደግሞ ብልጥ ልሁን ብዬ፣ ስለ ካፓሲተሩ የመያዝ አቅም፣ «ማይክሮፋራዱንስ ለምን አናተልቀውም? ከ6,800 ወደ 22,000?» አልኳቸው። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። በጣም ትልቅ ካፓሲተር ገና ሲበራ የሚጎትተው ኃይል ፊውዙንና ዳዮዶቹን ያስጨንቃል አሉ። ከድሮው ጋር እኩል የሆነውን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን፣ በቃ። ሙቀቱ ላይ ግን አይደራደሩም፤ 85 ዲግሪ ሳይሆን 105 የተጻፈበት ይሁን። እነዚህ ዕቃዎች ሙቀት ነው የሚገድላቸው። በአሥር ዲግሪ ቀዝቀዝ ባሉ ቁጥር ዕድሜያቸው በግምት እጥፍ ይሆናል።

አሁን አስቂኙ ነገር። ከመርካቶ ሁለት ካፓሲተር አስገዝቼ በአውቶቡስ አስላኩ። ማርኩ የታወቀ ጃፓን፣ ጽሑፉ 63 ቮልት፣ ሁሉ ነገር ያማረ። አያ አንዱን መዳፋቸው ላይ አድርገው ከፍ ዝቅ አደረጉት። «ቀለለኝ» አሉ። ቢላ አወጡና ቆርቆሮውን ዙሪያውን ቀደዱት። ውስጡ ሌላ ካፓሲተር! አውራ ጣቴን የምታህል፣ በትልቅ ቆብ ውስጥ የተወተፈች። ዓባይ በረሃን ተሻግሮ የመጣው ገንዘቤ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ኋላ የአክስቴ ልጅ ከጀርመን ኒቺኮን የሚባለውን የጃፓን ማርክ ካፓሲተር አመጣልኝ። አያ በወረቀት የጻፉለት ቁመቱን፣ ስፋቱንና የእግሮቹን ርቀት ሁሉ ነው። ማይክሮፋራዱ ገጥሞ ክዳኑ አልዘጋ ካለ ምን ዋጋ አለው?

አንድ ሌላ ነገር አሳዩኝ። በትልልቆቹ ሥር ቡናማ፣ ደረቅ ነገር ተጋግሯል። እኔ የፈሰሰ መስሎኝ ነበር። ለካ ፋብሪካው ካፓሲተሩ እንዳይነቃነቅ የቀባው ሙጫ ነው። ሲያረጅ ይጠቁራል፣ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ይጀምራል፣ አጠገቡ ያለውን እግርም ይበላል። በሸምበቆ ስንጥር ቀስ እያሉ ሙሉ ከሰዓት ፋቁት። ብረት አያስነኩም፤ የቦርዱ መስመር ይጫራል ብለው።

ድምፁን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚያሻግሩትን 1 ማይክሮፋራዶች በፊልም ካፓሲተር ተኩ። ፊልም፣ ውስጡ ፈሳሽ እንዳለው እንደ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር አይደርቅም፣ ፕላስና ማይነስም የለውም። ያ ሰውዬ አንዷን ገልብጧት ነበርና ይኼኛው ነገር ደስ አለኝ። የሴራሚኮቹንና የድሮዎቹን ፊልሞች ግን አልነኩም። ለክተው ደህና ካሉ ደህና ናቸው። ሌላ ቤት «ሁሉንም» ብሎ ነበር የሚያስከፍለኝ። እዚህ የተቀየሩት 11 ብቻ ናቸው። አሮጌዎቹን በፌስታል አድርገው፣ የትኛው ከየት እንደወጣ ጽፈው መለሱልኝ።

መጀመሪያ ሲያበሯት በቀጥታ ሶኬት ላይ አልሰኩም። ክር ያለው የድሮ አምፖል በመስመሩ መሃል አስገቡ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ደብዘዝ አለ። «አልፏል» አሉ። ቦግ እንዳለ ቢቀር ኖሮ አንድ ቦታ መስመር ተገናኝቷል፣ ሾርት ሆኗል ማለት ነበር። ከዚያ ስፒከር ሰካን። ዝም! እኔ የሞተች መስሎኝ ደነገጥኩ። መርፌው ሸክላው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ምንም፣ ምንም አልተሰማም። አባቴ ወንበሩን ወደ ስፒከሩ አስጠጋ። አላናገረንም፣ እኛም አላናገርነውም።

ለእጃቸው የጠየቁኝ 2,500 ብር ነው። በመርካቶ ያቃጠልኩት ከዚያ አይርቅም።

ጉድለታቸውንም ልናገር። ይዘገያሉ፤ የእኔ አምስት ሳምንት ፈጀ። ስልክ አያነሱም። በ12 ሚካኤልና በ21 ማርያም አይከፍቱም፣ ደጋግሜ ሄጄ በር ስመታ ነው የገባኝ። ቴሌቪዥንና ሞባይል አይቀበሉም፤ ይዛችሁ ሄዳችሁ እንዳታስቀይሟቸው። ስትሄዱም ዕቃውን አጽድታችሁ አትውሰዱ። አቧራው የት ላይ እንደረጠበ፣ የቱ ጋ እንደጠቆረ አይተው ነው የሚጀምሩት።

አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። አባቴም ሰላም ብሎዎታል፤ ማር ልኳል፣ በመጪው ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ።