ሀዋሳ ወፍ ለማየት ለምትሄዱ፦ ብራችሁን የት ታውሉት?

ክረምት ላይ ከውጭ መጥታችሁ ሀዋሳ የምትወጡ ከሆነ እና ወፍ፣ ቢራቢሮ ምናምን ማየት ደስ የሚላችሁ ከሆነ፣ ሆቴል ላይ ቆጥቡና ለጥሩ አስጎብኚ ክፈሉ። የኔ ምክር ይኼው ነው።

የሄድኩት ሐምሌ ላይ ነው። በክረምት ምን ወፍ አለ ያሉኝ ነበሩ። ከአውሮፓ የሚሰደዱት በብዛት የሚገቡት ከመስከረም ወዲህ ነው፣ እሱ ልክ ነው። የሀገሬዎቹ ግን የትም አይሄዱም።

ሐይቁ ዳር ያለው አሞራ ገደል ፓርክ መግቢያው ላይ ያገኘሁት አስጎብኚ ወጣት ልጅ ነው። ዓይኑ ግን ጉድ ነው! ከቄጠማው ዳር "ጋሼ፣ አይነቃነቁ" ብሎ ክንዴን ያዘኝ። ጀርባዋ ሰማያዊ፣ ሆዷ ብርቱካናማ፣ ምንቃሯ ቀይ የሆነ አንዲት ትንሽዬ ዓሣ አዳኝ ወፍ ትንሽ ዓሣ ይዛ ነበር፤ እንጨቱ ላይ ደጋግማ ካላተመቻት በኋላ አዙራ በጭንቅላቷ በኩል ዋጠቻት። እኔ ብቻዬን ብሆን ቅጠል መስላኝ አልፋት ነበር። ዋርካው ላይ ምንቃራቸው ላይ ትልቅ ቆብ የደፉት ወፎች ፍሬ ሲለቅሙ አሳየኝ፤ ሴቷ እንቁላል ስትጥል ግንድ ውስጥ ራሷን በጭቃ ትዘጋለች፣ ወንዱ በጠባብ ቀዳዳ ያጎርሳታል። ጉሬዛዎቹም እዚያው ናቸው።

ፀሐይ ስትወጣ የውኃ ተርቦቹ (ድራገንፍላይ የሚባሉት) መጡ። የውኃ ተርቡ ሲያርፍ ክንፉን ዘርግቶ ነው፣ ቀጭኗ ዘመዱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጀርባዋ ላይ ገጥማ ነው፤ በዚህ ይለያሉ። ልጆቻቸው ውኃ ውስጥ አድገው የወባ ትንኝ እጭ ሳይቀር ይበላሉ። ቢራቢሮዎቹ ደግሞ ዝናብ ያራሰው ጭቃ ላይ ተሰብስበው ጨው ይመጥጡ ነበር። ጎንበስ ብላችሁ እዩአቸው።

ጀልባ ላይ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ባለጀልባ ቀስ ብዬ እነዳለሁ ብሎኝ፣ መሀል ሲደርስ ሙዚቃውን ከፍቶ ሞተሩን ለቀቀው፤ ወፎቹ ከሩቅ ብን እያሉ ሄዱ፣ ስንወርድ ደግሞ ሌላ ዋጋ ጠራብኝ። በጣም ነው የተናደድኩት። ሁለተኛው ሽማግሌ ነው፣ ሞተሩን አጥፍቶ በቀዘፋ ዳር ዳሩን ወሰደኝና ዓሣ በል ንስሩን ሥሩ ቆመን አየነው። ሳትሳፈሩ ዋጋውንም፣ ሞተር ማጥፋቱንም ተስማሙ።

ባጃጆቹ ጥሩ ናቸው። ዓሣ ገበያው ጋ በጠዋት ድረሱ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲሻሙ በቅርብ ታያላችሁ፣ ጥብሱም ትኩስ ነው፣ የምታስተናግደው ልጅም ሰው አክባሪ ናት። ከሰዓት ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ወፉን አስቀድሙ።

አስጎብኚው ጉርሻ ይገባዋል። ቤት የተቀመጠ ቢኖኩላር ያላችሁ ደግሞ ይዛችሁለት ሂዱ፣ ልጁ እስካሁን የሚሠራው በባዶ ዓይኑ ነው።