በብሽሽት ወይስ በእጅ አንጓ? የአንገት ስቴንትና የደም መፍሰስ

ወደ አንጎል ደም የሚወስድ የጠበበ የአንገት ደም ስር በስቴንት (ስሩን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ አንገት አይቀደድም። ሐኪሙ ቀጭን ቱቦ ከሩቅ ያስገባል፤ ብዙውን ጊዜ ከብሽሽት፣ አንዳንዴም ከእጅ አንጓ። ታካሚው አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ይወስዳል፤ በሕክምናው ሰዓት ደግሞ ሄፓሪን ይጨመርለታል። ደሙ ቶሎ አይረጋም ማለት ነው። ስለዚህ የሚወጋው የት ነው የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው።

ብሽሽት የቆየው መንገድ ነው። ስሩ ሰፊ ነው፣ ለመሣሪያ ይመቻል። ችግሩ ደሙ መደበቂያ ማግኘቱ ነው። መርፌው ከፍ ብሎ ከገባ ደሙ ከሆድ ዕቃ ጀርባ ሊጠራቀም ይችላል። ፋሻው ንጹሕ ነው፤ ታካሚው ግን ወገቡን ያመዋል፣ ያልበዋል፣ የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ሕመም «ብዙ ስለተኛ ነው» ብሎ ማለፍ በጣም ያስፈራኛል።

እጅ አንጓ ላይ ስሩ ከቆዳው ሥር አጥንት ተደግፎ ነው ያለው። በማሰሪያ ጠበቅ ሲደረግ ደሙ ይቆማል። ቢደማም እብጠቱ ይታያል። ታካሚውም ቶሎ ተነስቶ ይራመዳል። ግን ስሩ ቀጭን ነው፤ ሊኮማተር ወይም ሊዘጋ ይችላል።

በደም መፍሰስ ብቻ ከሆነ እኔ አንጓውን እመርጣለሁ። አንዱን አደጋ ግን ሁለቱም አያስቀሩትም፤ አንጎል ውስጥ መድማትን። ደም አንሶት የኖረ አንጎል ድንገት ብዙ ሲደርሰው ሊከሰት ይችላል። ከባድ ራስ ምታት ወይም መንቀጥቀጥ ከመጣ፣ ቤት ከገቡ ከቀናት በኋላም ቢሆን፣ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።