ትኩስ ቡና የማይችል መፍጫ፤ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ቡናው ከምጣድ እንደወረደ፣ እንደጋለ የሚገባበት ከሆነ ይህን መፍጫ አትግዙ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሻጭ ስለማይናገረው ነው፤ በካርቶኑ ላይም አልተጻፈም።

ዕቃው በየሱቁ መደርደሪያ የሚታየው ዓይነት ነው፦ 150 ዋት ሞተር፣ ባለ ሁለት ክንፍ ምላጭ፣ 50 ግራም ገደማ የሚይዝ የብረት ጎድጓዳ፣ ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ክዳን። ክዳኑን ሲጫኑት ይነሳል፣ ሲለቁት ይቆማል። የቀዘቀዘ ቡና ሲሰጡት ሥራውን ይሠራል፤ ስለዚያ ብዙ የሚባል የለም።

ችግሩ እኛ ቡና ቆልተን የምናሳድር ሰዎች አለመሆናችን ነው። ፍሬው ጠቁሮ ወዝ ሲያወጣ ከእሳት ይነሳል፣ ጭሱ ለተቀመጠው ሰው ይዞራል፣ ወዲያው ሙቀጫ ውስጥ ይገለበጣል። ወዝ ያወጣ ቡና ከእሳት ሲነሳ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ በላይ ነው። ሙቀጫ ለዚህ ግድ የለውም፤ ትኩሱን ተቀብሎ ያስወቅጣል። መፍጫው ግን እዚህ ላይ ይሸነፋል። ትኩስ ፍሬ እንደ ቀዘቀዘው ተሰባሪ አይደለም። ከፍሬው የሚወጣው እንፋሎትና ወዝ ደግሞ ደቃቁን ዱቄት ለውሶ ከጎድጓዳው ግድግዳና ከምላጩ ሥር ያጋግረዋል። ከታች ያለው ልሞ ሲጋገር ከላይ ያለው ክክ ሆኖ ይቀራል። የሚፈጨው ሰው «ገና አልላመም» ብሎ እጁን አያነሳም፤ ሞተሩ የተጋገረውን እየገፋ ይግልና ሲግል መብራቱን የሚያቋርጠው ሙቀት መቁረጫ ያጠፋዋል። መቁረጫው ራሱን የሚመልስ ዓይነት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲያርፍ ይነሳል። በብዙ ርካሽ መፍጫ ውስጥ ያለው ግን አንዴ ከተቃጠለ የማይመለስ ፊውዝ ነው፤ ያኔ ጠጋኝ ቤት ይዞ መሄድ ነው።

ክዳኑም አይተርፍም። ርካሽ ክዳን የሚሠራበት ፕላስቲክ በ100 ዲግሪ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። የዚህኛው መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ ጠርዙ ተጣመመ፣ አሁን ማብሪያውን በሚጫነው ጥርስ አጠገብ ቀጭን ስንጥቅ ይዟል። የተጣመመ ክዳን ማብሪያውን በቅጡ ስለማይጫነው መፍጫው ይነሳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይነሳል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ሞተሩ ተቃጠለ» ብሎ ይጥለዋል፤ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ።

«የጀርመን ሞተር ነው፣ ምንም ቢገባበት አይበገርም» የሚለኝ ሻጭ ካለ፣ ስለ ሞተሩ አገር አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት ክዳኑ ስንት ዲግሪ እንደሚችል ነው። «ታዲያ አቀዝቅዘሽ ፍጪ» ካለኝማ ተስማማን፤ ግን ይህን ገንዘቤን ከመቀበልህ በፊት ብትለኝ ምን ነበረበት?

ማቀዝቀዙ ራሱ ቀላል ነው። ቡናው ጠቆር ሲል ምጣዱ ላይ አይተዉት፤ ምጣዱ የያዘው ሙቀት መቁላቱን ስለሚቀጥል የታችኛው ፍሬ ያርራል። ሰፌድ ላይ ገልብጦ በአንድ ፍሬ ውፍረት መዘርጋትና ማራገብ ነው፤ ገለባውም አብሮ ይነሳል። ጭሱን ለሰው ከማዞሩ ጋር ተደምሮ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ጭብጥ ሙሉ ይዘው መዳፍ ምንም ሙቀት ካልተሰማው ይግባ፤ ለብ ካለ ገና ነው። «ቡናው ሲቀዘቅዝ ቃናው ይሄዳል» የሚሉ እናቶች አሉ። ቃናው ፈጥኖ የሚበነው ግን ከተፈጨ በኋላ እንጂ ድፍን ፍሬ ሳለ አይደለም። ስለዚህ ጀበናው ውስጥ ያለው ውኃ ሊፈላ ሲል መፍጨት ነው።

ለስድስት ስኒ ጀበና ከ30 እስከ 40 ግራም ይበቃል። ጎድጓዳው 50 ግራም ይይዛል ተብሎ 50 አይሞላም፤ ቡናው ካልተገለባበጠ ምላጩ ሥሩን ብቻ ይመታል። ሦስት አራት ሴኮንድ ተጭኖ መልቀቅ፣ መፍጫውን አንስቶ መወዝወዝ፣ እንደገና መጫን። በድምሩ 30 ሴኮንድ ካለፈ ሞተሩም ቡናውም ይግላሉ። የምላጭ መፍጫ ትልቁ ነውር አቧራና ክክ አንድ ላይ ማውጣቱ ነው። አቧራው ጀበናው ውስጥ ሳይሰክን ከቡናው ጋር ስኒ ይገባል፤ ክኩ ጣዕሙን ሳይሰጥ ከአተላው ጋር ይደፋል። መላው ወንፊት ነው፤ ያላለፈውን ክክ ብቻ መልሶ መፍጨት እንጂ ሁሉንም አንድ ላይ ማላም አይደለም።

እዚህ ላይ እኔ ያለሁባት ጎንደር የራሷ ጉዳይ አላት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ስለምትል ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ውኃው ደግሞ ሙቀቱ ባነሰ ቁጥር ከቡናው የሚያወጣው ያንሳል። ክክ የበዛበት ቡና ቆላ ካለ ከተማ ይልቅ እዚህ ይበልጥ ውኃ ውኃ ይላል። ዱቄቱ ላም ይበል፣ ጀበናውም ከወረደ በኋላ ማቶት ላይ አራት አምስት ደቂቃ ይስከን።

ሻጮች «ድንጋይም ይፈጫል» ይላሉ። ድንጋዩንማ የጎንደሩ አራዳ ገበያ ቡና በነፃ ያመጣላችኋል። ሳይታጠብ ከነጀንፈሉ መሬት ላይ የደረቀ ቡና፣ የዘጌም ሆነ የሌላ አገር፣ ጠጠር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሙቀጫ ውስጥ ጠጠር ዘነዘናው ሲነካው ድምፁ ያስታውቃል፤ እዚህ ግን በጩኸቱ ውስጥ ማንም አይሰማውም። ምላጩን ይሸርፋል፣ የተሸረፈ ምላጭ ሚዛኑን ያጣል፣ ሚዛኑን ያጣ ምላጭ መፍጫውን ጠረጴዛ ላይ ያስጨፍረዋል፣ የዘንጉንም መቀመጫ ይበላል። ስለዚህ ለቀማው ሁለት ጊዜ፦ ጥሬው ከመታጠቡ በፊት፣ ደግሞም ከተቆላ በኋላ ሰፌዱ ላይ። ሁለተኛው ለቀማ ይቀላል፤ ቡናው ጠቁሮ ጠጠሩ እንደነበረ ስለሚቀር ይለያል።

ዘንጉን ካነሳን አይቀር፣ መፍጫውን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ወዝና ደቃቅ ዱቄት በምላጩ ሥር ወደ ዘንጉ ይሰርጋል፣ ደርቆ ሙጫ ይሆናል። ለመፈተን ገመዱን ከሶኬት ነቅሎ ምላጩን በእንጨት ማንኪያ ጫፍ ገፋ ማድረግ ነው። ነፃ ከሆነ ጥቂት ዞሮ ይቆማል፤ ወዲያው ከቆመ ሙጫው ይዞታል። የምግብ ዘይት መጨመር ያባብሳል፣ እሱም ሙጫ ይሆናልና። ጠጋኝ ከፍቶ በደንብ ካጸዳው በኋላ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ከበቂ በላይ ነው። መብራት ሲዳከም፣ አምፖሉ ደብዘዝ ሲል፣ አለመፍጨት ይሻላል፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ እየታገለ የበለጠ ይግላል።

ማጠቢያ ውኃ ወደ ታች ክፍሉ እንዳይደርስ። ደረቅ ብሩሽ በየቀኑ፣ በሳምንት አንዴ አንድ ማንኪያ ደረቅ የፎገራ ሩዝ ፈጭቶ መድፋት ወዙን ይመጥጣል። ኮረሪማ አንዴ ከተፈጨበት ሽታው ለቀናት አይለቅም፤ ለሚወደው ምንም አይደል። በርበሬ ግን በፍጹም። «ሁለገብ ነው» የሚሉትን አትስሟቸው፤ ለበርበሬ ሌላ መፍጫ ግዙ፣ አለዚያ አቦሉ ያስነጥሳል።

ታዲያ ለምን አልሸጥሁትም? ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ማለዳ ሙቀጫ መውቀጥ ከታች ያለውን ጎረቤት መቀስቀስ ስለሆነ ነው። መፍጫው ይጮሃል፣ ግን ለግማሽ ደቂቃ፤ ወለሉንም አይደበድብም። ለዚህ ብቻ ቦታ አለው። ግቢ ያለው፣ ቆልቶ ወዲያው የሚወቅጥ ሰው ግን ገንዘቡን ለሌላ ያድርገው። ሙቀጫው መብራት ጠፋ አልጠፋ አይልም።

በእጅ የሚዞረው ባለ ጥርስ መፍጫ ከሁለቱም ይበልጥ እኩል አድርጎ ይፈጫል፤ ጥርሱ ብረት የሆነውን ካገኛችሁ ከዚህ እሱን እመርጣለሁ። 30 ግራም አልሞ ለመፍጨት ጥቂት ደቂቃ ክንድ ይጠይቃል። የሸክላ ጥርስ ያለው ግን ከጠጠር ጋር አይዋደድም፣ ይሸረፋል። ትኩስ ቡና ለእሱም አይሆንም።

አሁንም ባለ ምላጩን ለመግዛት የቆረጠ ሰው ሱቁ ውስጥ ካርቶኑን ያስከፍት። ምላጩን በእጅ አዙሮ ዘንጉ እንደማይወላገድ ይይ፤ ወደ ጎን የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሌላ ይጠይቅ። ክዳኑን ገጥሞ በተለያየ ጎን ይጫን፤ በየትኛውም በኩል ተጭኖ መነሳት አለበት። ትርፍ ክዳን ለብቻው የሚሸጥ መሆኑንም ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ፤ ለዚህኛው አልተገኘም።