ሮቶው ጥሩ፣ አሸንዳው ጉድ

የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዬን ጅማ መርካቶ አካባቢ ያለ አንድ የቆርቆሮ ሱቅ ነው የሠራልኝ፣ ስሙን ልተወው። 2000 ሊትር ሮቶ፣ አሸንዳ፣ መውረጃ ቱቦ፣ ከነተከላው በሦስት ቀን አለቀ። ፍጥነታቸው አይታማም።

የሱቁ ልጅ ከመጀመሪያው የሚያወራው ስለ ሮቶ ብቻ ነበር። «እህቴ፣ ባለ 5000ውን ብትወስጂ አይቆጭሽም» ይለኛል። ለምን ብዬ? እኛ አገር እኮ ከመጋቢት እስከ መስከረም ሲዘንብ ነው የሚከርመው፣ በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ዛሬ ቢጎድል ከነገ ወዲያ ይሞላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ካሬው ላይ 1 ሊትር ነው። አሸንዳ የገባለት የጣሪያዬ ግማሽ 40 ካሬ ስለሆነ፣ አንድ ደህና የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ ጥቂቱ ቢባክን እንኳ፣ ወደ 700 ሊትር ይሰጠኛል። ሶማሌ ክልል ቢሆን ሌላ ጉዳይ። እዚያ ዝናቡ ብቅ ብሎ ስለሚጠፋ ነው ሰዉ ቢርካ (የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ) ቆፍሮ ለወራት የሚያጠራቅመው።

አሸንዳው ግን! ጠባብ ነው፣ ተዳፋትም የለው። የሐምሌ ዶፍ ሲመጣ ውሃው ከቆርቆሮው ተስፈንጥሮ አሸንዳውን ይዘለውና ግድግዳዬን ያጥባል። የተረፈው መሃሉ ላይ ይተኛል፣ የጎረቤት አቮካዶ ቅጠል ይረግፍበትና ጠቁሮ ይሸታል። ደወልኩ። «ነገ እንመጣለን።» ነገ ሦስት ሳምንት ሆነ። በመጨረሻ የሰፈር ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ፤ ክር ወጥሮ፣ ቱቦው ያለበትን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረገው፣ በቃ፣ አሁን ይፈሳል።

ያላሰቡት ሌላም ነገር አለ። የበጋው አቧራና የወፍ ኩስ ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ቀጥ ብሎ ሮቶ ውስጥ ነበር የሚገባው። ይኸው ሰው ነው መውረጃው ላይ ቲ (ሦስት አፍ ያለው የቱቦ መገጣጠሚያ) አስገብቶ ከታች ክዳን ያለው ቁራጭ ቱቦ የሰካልኝ፤ ቆሻሻው እዚያ ይቀራል፣ ዝናቡ ሲያባራ ክዳኑን ፈትቼ እደፋዋለሁ።

ለመጠጥ አልጠቀምበትም። ለልብስና ለሽንት ቤት ግን እሰይ ነው፣ ሳሙናው ገና ሲነካው አረፋ በአረፋ ይሆናል፣ የቧንቧው ፈረቃ ሲዘገይም እንደ ድሮው ጀሪካን ይዤ አልሯሯጥም።

የቀረውን የጣሪያ ግማሽ ከመጋቢት በፊት ላሠራ ነው። እነሱ ጋ? ሮቶ ልገዛቸው እችላለሁ። አሸንዳዬን ግን አያዩትም።